ዋይፋይ እሳት ነው ወይስ ጀልባ?

ቴሌቪዥናችን ስማርት መሆኑን ያወቅነው ካርቶኑ ላይ ስለተጻፈ ነው። ከተገዛ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ግን አንድ ቀን እንኳ ብልጠቱን አሳይቶን አያውቅም። ዲሹ ያመጣለትን ያሳያል፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ በተረፈው ጊዜ እማዬ በእጇ የሠራችለትን ዳንቴል ተከናንቦ ሳሎን ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ሰው በየዘመዱ መካከል አይጠፋም። ጎበዝ ነው ይባላል፤ ምን እንደሠራ ግን የሚያስታውስ የለም።

በቤታችን እንዲሁ ጎበዝ ተብላ የተቀመጠች ሁለተኛዋ ዕቃ እኔ ነኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። አንድ ጊዜ የእማዬ ስልክ ድምፁ ጠፍቶ የጎኑን ቁልፍ ተጭኜ መለስሁላት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሕር ዳር ፋሲሎ ባለው ግቢያችን "ኢንጂነሯ" እባላለሁ። ሬዲዮው የተንኮሻኮሸበት፣ ካውያው የቀዘቀዘበት ሁሉ ወደ እኔ ይልካል። እኔም አላውቅም ማለቱን አላውቅበትም።

እኔና ቴሌቪዥኑ የተፋጠጥነው በሰኔ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

በዚያ ቀን ታላቅ እህቴ መዓዛ በአዋላጅ ነርስነት ትመረቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲዋ ያለው በአገሩ ደቡብ ጫፍ ነው። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፤ ከቤታችን የሄደ አባዬ ብቻ ነበር። እኔና እማዬስ ፎቶ ሲመጣ እናያለን፣ ይለፈን። ነገሩ የከበደው በአያታችን በአባባ ላይ ነው። አባዬና እማዬ ድሮ በሁለት የተለያየ ከተማ ተመድበው ሲሠሩ፣ መዓዛን ከሁለት ዓመቷ እስከ ስድስተኛ ክፍል አንበሳሜ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሴት አያቴ ቀደም ብለው አርፈዋል። ስለዚህ አጥበው፣ አብልተው፣ ፊደል አስቆጥረው፣ ጠጉሯን ሳይቀር ጎንጉነው ትምህርት ቤት ይሸኟት የነበሩ አባባ ብቻቸውን ናቸው። በልጅነት ፎቶዎቿ ሁሉ ሹሩባዋ ወደ አንድ በኩል ያዘመመው በሌላ ምክንያት አይደለም።

አባባ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከአንበሳሜ መጡ። ግራ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ቀኙን ታክመውታል፤ "እንደ ሰነፍ በቅሎ ነው፣ ሲፈልግ ይሄዳል፣ ሲፈልግ ይቆማል" ይላሉ። ገና አረፍ ከማለታቸው መዓዛ ጋዋኗን ለብሳ የተነሣችውን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ ወደ መስኮቱ አዞሩት።

"ጉንዳን ነው የምታሳይኝ፣ ልጄ።"

"አባባ፣ መዓዛ እኮ ናት!"

"ትሁን። ጉንዳን ሆናለች።"

ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ስልኩን በሁለት እጃቸው አድርገው መለሱልኝና ጉልበታቸውን ይዘው ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ሰው ዝም ሲል አልወድም፤ ዝምታ ባየሁበት ሁሉ ቃል እገባለሁ።

"ነገ ምርቃቱ በኢንተርኔት ይተላለፋል፣ አባባ። በዚህ በትልቁ ቴሌቪዥን አሳይዎታለሁ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።"

"ፊቷን አየዋለሁ?"

"ቅንድቧን ይቆጥሩታል!"

አባባ ቴሌቪዥኑን ከእነ ዳንቴሉ ከላይ እስከ ታች አዩት። "እንግዲያስ" አሉ፣ "እስከ ነገ አልሞትም።"

ይህን የሰማ ሰው እንዴት ይተኛል? እኔ ግን ተኛሁ። አምስት ደቂቃ ነው ብዬ አምኛለሁ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ዳንቴሉን ገፈፍሁት። የሞባይል ዳታ በዚያ ሰሞን ከከተማችን ጋር ተኳርፎ ስለነበር ያለን አንድ ዋይፋይ ብቻ ነው፤ እሱም ከቡፌው ላይ ከተቀመጠችው ራውተር ይመጣል። ቴሌቪዥኑ የዋይፋያችንን ስም ወዲያው አገኘው። ፓስወርድ ጠየቀ። ጻፍሁለት። ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ መገናኘት አልተቻለም የሚል ነገር በእንግሊዝኛ አወጣ። ሪሞታችን ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ላስቲክ ለብሷል፤ አንዱን ስጫን ሌላው ተጭኖ ይሆናል ብዬ ላስቲኩን ቀደድሁት። እማዬ አዲስ ልብስ እንደተቀደደባት አዘነች። ደግሜ ጻፍሁ። አልተቻለም። ሦስተኛ ጻፍሁ። እንግሊዝኛው ያው ነው፣ ጨዋነቱም ያው ነው።

"መጣች?" አሉ አባባ ከሶፋው።

"አልመጣችም፣ አባባ። ገና ነው።"

ይህን ጊዜ ጎረቤታችን ጋሼ ሙላት ገቡ። ጋሼ ሙላት ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ ኤሌክትሪሻን ናቸው፤ ካልሲ ሳይቀር ረስተው ይወጣሉ እንጂ፣ ኤሌክትሪክ መኖር አለመኖሩን የምታሳየዋን ጠምዛዥ አይረሱም። በቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ በማከፋፈያው፣ በራውተሯ አዞሯት። በራች።

"ካሬንት አለ" አሉ።

"እሱማ አለ፣ ጋሼ። በርቷል እኮ።"

"አለ ልበልሽ እንጂ! ካሬንት ካለ ችግሩ ነፋስ ነው። ጠዋት ጠዋት ከጣና ወደ ከተማው ይነፍስ የለ? ሲግናሉን እየጠረገ ከከተማ አውጥቶ መሸንቲ ያደርሰዋል።"

"ታዲያ መሸንቲዎች በእኛ ዋይፋይ ይጠቀማሉ ማለት ነው?"

"ለምን አይጠቀሙ! ይኸው እየተለወጡ አይደለም?"

መስኮቶቹ ሁሉ ተዘጉ። የባሕር ዳርን ሰኔ ለማታውቁ፣ የተዘጋ ሳሎን ማለት ክዳን የገጠመ ድስት ማለት ነው። ከዚያም ነፋሱ እንዳያገኛት ራውተሯን ወንበር ላይ ቆሜ ከራሴ በላይ ይዤ እንድቆም ታዘዝሁ። ቆምሁ። ጋሼ ሙላት "ወደ ግራ፣ ዝቅ፣ እንዲያው ዘንበል!" ሲሉኝ እየዘነበልሁ፣ ላብ በክርኔ ወረደ፤ የሚገርመው እኮ ኢንጂነር የተባልሁ እኔ ነኝ። ነፋስ ዋይፋይን እንደማይጠርግ አውቃለሁ። ነገር ግን ሰው የራሱ እውቀት ሲያልቅበት የሌላውን ስህተት ተሸክሞ መቆም ደስ ይለዋል፤ ቢያንስ ሥራ ይመስላል።

"አሁንስ?" አሉ አባባ።

"ኧረ ገና ነው፣ አባባ።"

አራት ሰዓት ሲሆን ለሐያት ደወልሁ። ሐያት የክፍሌ ልጅ ናት። አባቷ ሐይቁ ዳር ጀልባ ይሠራሉ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሚስማር ስታቀብል፣ እንጨት ሲሰነጠቅ ስታይ ስላደገች ነው መሰለኝ፣ ነገር ሲበላሽ አትደነግጥም። በባጃጅ መጣች። መስኮቱን መጀመሪያ ከፈተች። አባባን ጉልበታቸውን ስማ ሰላም አለች፣ እኔን ከወንበሩ አወረደችኝ፣ ከዚያም ከአንድ ሰዓት በላይ ማናችንም ያልጠየቅነውን ጠየቀች።

"ይሄን ዋይፋይ ስንት ሰው ነው የሚጠቀመው?"

"እኛ ብቻ" አለች እማዬ። ቀጥላ፣ "እና ብርቄ" አለች። ቀጥላ፣ "ጋሼ ሙላትም አልፎ አልፎ..."

ጋሼ ሙላት ጠምዛዣቸውን መመርመር ጀመሩ።

ሐያት የእማዬን ስልክ ተቀብላ የራውተሯን ገጽ ከፈተችው። በዚያ ሰዓት የተገናኘ ስልክ ሁሉ በስሙ ተደርድሯል። አሥር ነው። ከታች፣ ከአሥር በላይ እንደማትቀበል ራሷ ራውተሯ ጽፋለች። የእኔ፣ የእማዬ፣ የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ፣ የጋሼ ሙላት፣ የኋላ ቤት ተከራዮች ሁለት፣ የበራችን ባለሱቅ። ሰባት። እማዬን ልወቅስ አፌን ከፈትሁ። ስምንተኛውን፣ ዘጠነኛውንና አሥረኛውን ሳነብ መልሼ ዘጋሁት። ሦስቱም ከአጥራችን ማዶ ያሉ የክፍሌ ልጆች ናቸው፤ ፓስወርዱን የሰጠሁ እኔ ነኝ። ለሁለቱ የሰጠሁት የኬሚስትሪ ደብተር ስላዋሱኝ ነው። ለሦስተኛዋ ጫማሽ ያምራል ስላለችኝ ብቻ ነው።

"ታዲያ ቢሰጥስ?" አለች እማዬ። "እኔ መሸንቲ ሳድግ ጎረቤት እሳት ልጫር ብሎ ሲመጣ 'ምድጃችን ሞልቷል' ያለ ሰው አላየሁም። እሳት ቢጭሩለት ይቀንሳል? አይቀንስም። ይሄ ደግሞ በአየር የሚሄድ ነገር ነው፤ ምኑ ይጎድላል?"

ሐያት ትንሽ አሰበች። "እሳት ቢሆን ልክ ነበሩ፣ እትዬ። ይሄ ግን ጀልባ ነው። አባቴ አሥር ሰው ትጭናለች ካለ አሥር ነው። አሥራ አንደኛው ቢቆጣም፣ ቢያለቅስም፣ ነፋሱን ቢሳደብም ቦታ የለም። ቴሌቪዥናችሁ እኮ አልተበላሸም። ወደቡ ላይ ቆሟል።"

አምስት ደቂቃ ያልሁት ሥራ ፍልስፍና ሆነ። እኔ ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል፤ እማዬ የምትሰጠው እሳት ነው፣ ሰዎቹ የሚሳፈሩት ግን ጀልባ ላይ ነው። ሰጪውና ራውተሯ ስለ አንድ ነገር አያወሩም።

የራሴን ስልክ አጠፋሁ። ከዝርዝሩ አንድ ስም ወረደ። ሐያት "አሁን!" ስትል ሪሞቱን እስክጫን ሌላ ስም ገብቶበታል። አሥራ አንደኛው ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ ኖሯል!

"እንግዲያው አንዱን ነክተሽ አስወጪው" አለችኝ ሐያት። "አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይገባም።"

ጣቴን በጋሼ ሙላት ስም ላይ አደረግሁ። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ይተነፍሳሉ። ወደ እትዬ ብርቄ ወረድሁ። ልጇ ዐረብ አገር ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ነው የምትደውልላት። ወደ ባለ ጫማዋ ወረድሁ። ጫማዬ እኮ እውነትም ያምራል። ሰውን በስሙ ነክቶ ማስወጣት እንዴት ከባድ ነው! ሁሉንም ባንድ ጊዜ ማስወጣት ግን ቀላል ነበር፤ ስም የለውማ። ፓስወርዱን ቀየርሁት።

ሐያት "አጠር አድርጊው፤ በሪሞት ነው የምትጽፊው" ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም። ካልቀረ ይጠብቅ ብዬ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ባለ አሥራ ስምንት አደረግሁት፤ እንዳልረሳውም በደብተር ወረቀት ጽፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። ከዚያ ሪሞቱን ይዤ ጉዞ ጀመርሁ። አንዱ ፊደል ጋ ለመድረስ ስምንት ጊዜ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ታች። ካለፍሁት መመለስ። በዚህ መካከል ሐያት ምርቃቱን በእማዬ ስልክ እየተከታተለች ትነግረናለች።

"ፋርማሲዎቹን መጥራት ጀመሩ። ቀጥሎ ነርስ ነው፤ ከዚያ አዋላጅ።"

አራተኛው ፊደል ላይ ስደርስ በግቢው በር ይከፈት ጀመር። አንዱ ወጣ፣ ሌላው ወጣ። ሁሉም ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሣል፣ ይዞራል፣ ያወርዳል። ሰባተኛው ላይ በራችን ተንኳኳ። እትዬ ብርቄ ናት።

"እንዴት አደራችሁ? አባባ፣ እንኳን ደኅና መጡ! እንኳን ለልጅዎ ልጅ ምርቃት አደረሰዎ!" አለችና አባባን ስማ ቆመች። ለምን ቆረጣችሁብኝ አላለችም። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ግቢ አይባልም። "ኧረ... እናንተስ ጋ ኔትወርኩ ደኅና ነው?"

"ደ... ደኅና ነው" አለች እማዬ።

ፊቷን አላየሁትም፤ ማፈሯ ግን ከጀርባዋ ይታይ ነበር። ሁለቱ በሩ ላይ ሹክ ሹክ አሉ። እኔ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ አልነቀልሁም። ስምንት። ዘጠኝ። አሥረኛውን ለማየት ወደ ጠረጴዛው ዞርሁ። ወረቀቱ የለም።

"ወረቀቱስ?"

"የቱ ወረቀት?" አለች እማዬ።

"እማዬ!"

"አሁን ትመልሰዋለች። ጻፍ አድርጌ ብላ ነው የወሰደችው። ልጇ በአምስት ሰዓት ነው የምትደውል፤ ታዲያ ምን ልበላት? ሞልቷል ልበላት?"

ወረቀቱ የተመለሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው፤ ያውም በባለሱቁ እጅ። ከእትዬ ብርቄ ወደ ኋላ ቤት፣ ከኋላ ቤት ወደ አጥር ማዶ፣ ከዚያ ወደ ሱቅ ዞሮ፣ ጫፉ ላይ የዘይት ጣት ታትሞበት፣ መሐሉ ታጥፎ መጣ። ከሪሞቱ ጋር እየታገልሁ አሥራ ስምንቱንም ጨረስሁ። ቴሌቪዥኑ ትንሽ አሰበና ያችኑ እንግሊዝኛውን አወጣ።

ሐያት የእማዬን ስልክ አየች። "ሞላች" አለች። "አሥር።"

"ነርሶቹስ?" አልኋት።

"እያለቁ ነው።"

አለቀስሁ። አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሶ በሪሞት ምክንያት ማልቀስ ያሳፍራል፤ ግን አለቀስሁ። አባባ "መጣች?" ሲሉኝ፣ "አልመጣችም፣ አባባ። የምችለው መስሎኝ ነበር። ዋሸሁዎት" አልኋቸው።

ይህን ጊዜ ሳሎናችን ሞልቷል። ኔትወርክ የተመለሰለት ሁሉ ለማመስገን ገብቷልና፤ እትዬ ብርቄ፣ ሁለቱ ተከራዮች፣ ባለሱቁ፣ ከመጀመሪያውም ያልወጡት ጋሼ ሙላት። ሁሉም ስልኩን እንደያዘ እኔ ሳለቅስ ያየኛል። አባባ ሐያትን ጠጋ አድርገው፣ "አንቺ የጀልባዋ ልጅ፣ አስረጂኝ እስቲ" አሏት። አስረዳቻቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟትና ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ።

"ጎረቤቶቼ፣ እኔ የአንበሳሜ ሰው ነኝ፤ ይሄን ነገር አላውቀውም። ያሳደግኋት ልጅ እዚያ ወዲያ ቆማለች አሉ። በዚች በቀረችኝ ዓይን ልያት ብዬ መጣሁ። ከጀልባዋ የሚወርድልኝ ማን ነው?"

እንዲህ ከተባለ በኋላ የሆነውን ባላየው አላምንም ነበር።

"እኔ ልውረድ!" አሉ ጋሼ ሙላት።

"የለም፣ በሞቴ፣ እኔ!" አለች እትዬ ብርቄ።

"ኧረ እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ አጠፋለሁ!" አለ ባለሱቁ።

"አንተ ስልክህ ለሥራህ ነው፤ እኔ ጡረተኛው እያለሁ?"

"በሞቴ ብያለሁ፣ ጋሼ! ያጠፉ እንደሆነ አልወድም!"

አንዱ ስልኩን ሊያጠፋ ሲል ሌላው እጁን ይይዘዋል። ያ ሲታገል ሦስተኛው ያጠፋል ሲባል አራተኛው ይነጥቀዋል። ለአንድ ቦታ አምስት ሰው ልውረድ ብሎ ተያያዘ፤ ከአምስቱ አንድም የወረደ የለም! ሐያት "አዋላጅ ጀመሩ!" ብላ ጮኸች። የሚሰማት አልነበረም። ሰፌድ ከወጥ ቤት አመጣችና ሙሾ እንደሚያስቆም ሰው በመሐላቸው ገብታ፣ "ሁላችሁም! እዚህ ላይ!" አለች። ስልኮቹ አንድ በአንድ እየጠፉ ሰፌዱ ላይ ወደቁ። የእኔም፣ የእማዬም።

እትዬ ብርቄ የመጨረሻዋ ነበረች። ስልኳን አንድ ጊዜ አየችው፤ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ሰፌዱ ላይ ልታስቀምጠው ጎንበስ ስትል አባባ በምርኩዛቸው ከለከሏት።

"ያንቺስ ልጅ ልጅ አይደለችም? ያዥው።"

ሪሞቱን ተጫንሁ። ትንሽ አሰበ። እንግሊዝኛው አልመጣም። ሰማያዊ ነገር ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ አዳራሽ ሞልቶ ወጣ፤ ጥቁር ጋዋን፣ አበባ፣ ማይክራፎን። ድምፁ ሥዕሉን ትንሽ ይቀድመዋል። ስም ይጠራል፣ ሌላ ስም ይጠራል። የእትዬ ብርቄ ስልክ ጮኸ፤ "እማ" ሲል ተሰማ። እሷም "ቆይ ዝም በይ፣ የመዓዛን ምርቃት ላሳይሽ" ብላ ስልኳን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረችው።

የመዓዛ ስም ተጠራ።

አባባ ተነሡ። ምርኩዛቸውን ሶፋው ላይ ጥለው፣ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ሄደው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሙ። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፈነው። እኔ መዓዛን አላየኋትም። እማዬም አላየቻትም። ጋሼ ሙላት በግራ ቢያዘነብሉ፣ ሐያት በቀኝ ብትንጠራራ አላዩዋትም። ዐረብ አገር ያለችው የእትዬ ብርቄ ልጅም ያን ያህል ባሕር ተሻግራ ያየችው የአባባን ጀርባ ነው። ሳሎን ሙሉ ሰው ነበር፤ አንድም ሰው ይቀመጡ አላላቸውም።

ጭብጨባው አለፈ። ሌላ ስም ተጠራ። አባባ ቆዩና ቀስ ብለው ወደ እማዬ ዞሩ።

"ከስታለች" አሉ።